ነጭ አበባ በነጭ ሰማይ ላይ፦ በፈረንሳይ ገጠር ያበቡ ዛፎችን ፎቶ ለማንሳት

ጥያቄ፦ የምኖረው ብራስልስ ነው። በኤፕሪል አጋማሽ የ8 ቀን ፈቃድ አለኝ። ከባለቤቴ ጋር ከኖርማንዲ ተነስተን እስከ ፕሮቫንስ በመኪና እየነዳን፣ ያበቡ የፍራፍሬ ዛፎችን ፎቶ ማንሳት እንፈልጋለን። ካሜራዬ አነስ ያለ ሴንሰር ያለው ነው፤ ሌንሱም አብሮት የመጣው 18–55 ሚሊ ሜትር ነው። ስልኬም ደህና ያነሳል። ባለፈው ዓመት ያነሳኋቸው ፎቶዎች ላይ ግን አበባው ከሰማዩ ጋር ተቀላቅሎ ጠፍቷል። ዛፉ ማበቡ እንኳ አይታወቅም። የት እንሂድ? የካሜራውን ቅንብር ምን ላይ ላድርገው? ከቅርብ ለማንሳት የሚሆነውን ማክሮ ሌንስስ ልግዛ?

ምላሽ፦

በመጀመሪያ መንገዱን እናስተካክል። ለዚህ ዓመት ፕሮቫንስን ይተዉት። ከኖርማንዲ እስከዚያ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው። ከ8ቱ ቀን ሁለቱ አውራ ጎዳና ላይ ያልቃሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ በኤፕሪል አጋማሽ ደቡብ ሲደርሱ አብዛኛው አበባ ረግፎ ነው የሚጠብቅዎት።

በፈረንሳይ አበባው የሚሄደው ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ከቆላ ወደ ደጋ ነው። ወሮቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ልንገርዎት። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ በሜዲትራኒያን ዳር ቢጫው ሚሞዛ ያብባል። ከቦርም ሌ ሚሞዛ እስከ ግራስ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የሚሞዛ መንገድ አለ። ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ ከእኛው ግራር ጋርም የቅርብ ዘመድ ነው። ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ማርች መጀመሪያ የፕሮቫንስ አልመንድ ይከተላል። ከዚያ አፕሪኮትና ኮክ ይመጣሉ። ሮዝ አበባ የሚወድ ሰው ማርች መጀመሪያ ላይ ወደ ፔርፒኞ አካባቢ፣ ወደ ቴት ወንዝ ሸለቆ ይሂድ። ከፊት የኮክ ማሳ፣ ከኋላ 2,784 ሜትር ከፍታ ያለው የካኒጉ ተራራ ከነበረዶው ይቆማል። በአዣን ከተማ ዙሪያ ያለው ፕሪም በማርች ሁለተኛ አጋማሽ ነጭ ይለብሳል። በፕሮቫንስ የሉበሮንና የሞን ቫንቱ ተራሮች አካባቢ ያለው ቼሪ ከማርች መጨረሻ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ያብባል። እርስዎ በሚደርሱበት ሳምንት ከእነዚህ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ኖርማንዲ ግን በዚያን ጊዜ ገና መጀመሩ ነው። የእኔ ምክር 8ቱንም ቀን እዚያው እንዲቆዩ ነው። ከብራስልስ ተነስተው መጀመሪያ ወደ ዡሚዬዥ ይሂዱ። የሴን ወንዝ የሚጠማዘዝበት ቦታ ነው። በዱክሌርና በዡሚዬዥ መካከል በወንዙ ዳር የቼሪ፣ የፕሪም፣ የፒርና የፖም ዛፎች አሉ። በኤፕሪል አጋማሽ ቼሪውን፣ ፕሪሙንና ፒሩን ያገኛሉ። የፈረሰው ገዳም ነጭ ግንብም ከዛፎቹ በላይ ይታያል። ከዚያ ፔይ ዶዥ ወደሚባለው አካባቢ ይሻገሩ። ካምብረሜርና በቭሮን አን ኦዥ የሚባሉ ትንንሽ ከተሞችን የሚያገናኝ 40 ኪሎ ሜትር የሲድር (ከፖም የሚጠመቀው መጠጥ) መንገድ አለ። የፖሙ ዋና ጊዜ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ ነው። ጸደዩ ከሞቀ ግን በጉዞዎ መጨረሻ ቀናት እምቡጡ መከፈት ይጀምራል። ሦስተኛው ዶምፍሮን ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ ብሆን ብዙውን ጊዜዬን የማጠፋው እዚህ ነው።

ዶምፍሮን የፒር አገር ነው። ከፍሬው ፑዋሬ የሚባል መጠጥ ይጠመቃል። የአካባቢው ፑዋሬ ከ2002 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ የትውልድ ስም አለው። ዛፎቹ ሱፐርማርኬት ለሚሸጠው ፒር እንደሚተከሉት አጫጭር አይደሉም። 15 ሜትርና ከዚያ በላይ ይቆማሉ። ከ200 ዓመት በላይ የቆዩም አሉ። ተራርቀው ነው የተተከሉት፤ ከሥራቸው ሣር አለ፤ ሣሩ ላይ ላሞች ይግጣሉ። ሲያብቡ ቅጠሉ ገና ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ነጭ ይሆናሉ። እንዲህ ያለ ዛፍ ብቻውን ሙሉ ፎቶ ነው። ጎረቤት የሆነችው ባራንቶን ውስጥ የፑዋሬ ሙዚየም አለ። ስለ ዛፎቹ ለመጠየቅ ጥሩ ቦታ ነው።

ደቡብ ካልሄድኩ አይሆንልኝም ካሉ ደግሞ ከፍ ወዳለው ቦታ ይውጡ። በግምት በየ100 ሜትሩ ከፍታ አበባው ከ3 እስከ 4 ቀን ይዘገያል። ስለዚህ ታች ሲረግፍ ላይ ገና ነው። በሲስተሮንና በጋፕ መካከል፣ በዱራንስ ወንዝ ሸለቆ ከ450 ሜትር በላይ የሚለማ ፖም አለ። በኤፕሪል ሁለተኛ አጋማሽ ያብባል፤ ከኋላው በረዶ የለበሱት አልፕስ አሉ። ግን አንዱን ይምረጡ። ወይ ይሄ ወይ ኖርማንዲ። ሁለቱንም ልያዝ ያለ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ፎቶው እንምጣ። ባለፈው ዓመት አበባው የጠፋው በካሜራዎ ምክንያት አይደለም። በሌንሱም አይደለም። ነጭ አበባ ከነጭ ሰማይ ፊት ስለቆመ ነው። የዳመና ሰማይ ከአበባው እኩል፣ አንዳንዴም በላይ ብሩህ ነው። ሁለት ነጭ ነገር ተደራርቦ ዓይን የሚይዘው ነገር አያገኝም። ይህንን ውድ ካሜራም አያድነውም። ስለዚህ ያበበ ዛፍ ሲያዩ መጀመሪያ ዛፉን አይዩ። ከኋላው ምን አለ? እሱን ይዩ። ጥቁር አፈር አለ? ጥላ ያረፈበት ኮረብታ አለ? የጎተራ ግድግዳ? ጥድ? ከኋላ የሚሆነውን መጀመሪያ ያግኙ፤ ዛፉን ቀጥሎ ይፈልጉለት። በዚህ ሥራ አንድ ነገር ብቻ ይያዙ ብባል የምለው ይህንን ነው።

ሠዓሊው ቫን ጎግ በፌብሩዋሪ 1888 ፕሮቫንስ ውስጥ ያለችው አርል ሲደርስ ከተማው በረዶ ለብሶ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዛፎቹ ሲያብቡ ወደ ማሳው ወጥቶ በጥድፊያ ብዙ ሥዕል ሠራ። በእነዚያ ማሳዎች ዙሪያ ጥድ የሚመስለው የሳይፕረስ ዛፍ ጥቁር አረንጓዴ አጥር ይታያል። አጥሩ ለውበት አይደለም የተተከለው። ሚስትራል የሚባለው ብርቱ የሰሜን ነፋስ አበባውን እንዳያረግፍ ነው። ገበሬው ነፋስ ለመከላከል የተከለው አጥር ለሠዓሊውም ለፎቶ አንሺውም የሚፈልገውን ጥቁር ዳራ ሰጠ። ፕሮቫንስ ሌላ ዓመት ሲሄዱ እነዚህን አጥሮች ይፈልጉ።

ኖርማንዲ ውስጥ ሳይፕረስ የለም። ግን ሌላ ነገር አለ። መሬቱ ወጣ ገባ ነው፤ ስለዚህ ከዛፉ ከፍ ብሎ መቆም ይቻላል። ዳገቱ ላይ ወጥተው ወደ ታች ካነሱ ሰማዩ ከፎቶው ይወጣል። ከኋላ የሚቀረው አረንጓዴ ሣር ነው፤ ነጩም ወዲያው ይለያል። ከእንጨት ማገርና ከጭቃ የተሠሩት አሮጌ ቤቶች ሌላው ዕድል ናቸው። የእንጨቱ ጥቁር መስመር ከአበባው ኋላ ሲገባ ያምራል። ቤቱ ነጭ የተቀባ ከሆነ ግን ወደ ጣሪያው ያስጠጉት። ጣሪያው ከሸክላ ወይም ከጥቁር ድንጋይ ስለሚሆን አበባው እዚያ ላይ ጎልቶ ይወጣል።

የዳመና ቀን ሲሆን ብዙ ሰው ካሜራውን ቦርሳ ይከታል። አይክተቱ። ለስላሳ ብርሃን ለነጭ አበባ በጣም ይስማማል፤ ጥላ አይበዛም፤ የአበባው ቅጠል ዝርዝሩ ይወጣል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ሰማዩ ፎቶው ውስጥ አይግባ። ጠበብ አድርገው ያንሱ፤ ግንዱን፣ ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ፣ ሣሩንና ላሙን ብቻ። የኖርማንዲ ላሞች ነጭ መደብ ላይ ቡኒና ጥቁር ጣል ጣል ያለባቸው ናቸው፤ ዓይናቸው ዙሪያ ጠቆር ይላል። ከትልቅ የፒር ዛፍ ሥር አንዷ ስትቆም የዛፉ ግዝፈት ያኔ ይገባል። ያለ ላም ወይም ያለ ሰው 15 ሜትር ዛፍና 4 ሜትር ዛፍ ፎቶ ላይ አይለዩም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ብቅ የምትልበት ሰዓት ነው። በኤፕሪል በሰሜን ፈረንሳይ እንዲህ ዓይነት ቀን ሞልቷል። አጭር ዝናብ ይመጣል፤ ያልፋል፤ ደመናው ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። ፀሐይ ከእርስዎ ጀርባ ዝቅ ብላ ስታበራ ጥቁሩ ደመና ከፊት ይቀራል። ያኔ ሰማዩ ከአበባው በጣም ይጠቁራል። ያበበው ዛፍ ያንን ደመና ከኋላው አድርጎ ሲቆም ሌላ ዳራ አያስፈልግም። ቀስተ ደመናም የሚወጣው በዚያው አቅጣጫ ነው። ይህ ብርሃን ቶሎ ያልፋል። ስለዚህ ዝናቡ ሲጀምር ሆቴል አይግቡ። ቀድመው ያዩት ዛፍ አጠገብ መኪና ውስጥ ሆነው ይጠብቁ።

ጥርት ያለ ቀን ከሆነ በጠዋትና በማታ ፀሐይ ይሥሩ። በኤፕሪል አጋማሽ ኖርማንዲ ውስጥ፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር፣ ፀሐይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ትወጣለች፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ቀኑ ረጅም ነው፤ ቀትር ላይ ይረፉ። የጠዋቱን የምመርጠው ነፋስ ስለማይኖር ነው። ሣሩ ላይ ጤዛ አለ፤ በሸለቆው ጭጋግ አይጠፋም፤ ቅርንጫፉ ጸጥ ይላል።

ፀሐይዋ ከጀርባዎ ከሆነች አበባው ጠፍጣፋ ይሆናል። ከጎን ሲመጣ ክብነቱ ይወጣል። ከዛፉ ኋላ ሲመጣ ደግሞ የአበባው ቅጠል ስስ ስለሆነ ብርሃኑ በውስጡ ያልፋል፤ ነጩ ከውስጥ ያበራል። ይሄኛው በጣም የሚያምረው ከኋላ ያለው ኮረብታ ጥላ ውስጥ ሲሆን ነው። ፀሐይዋ በቀጥታ ሌንሱ ውስጥ እንዳትገባ ግንዱ ጀርባ ይደብቋት ወይም ከሌንሱ በላይ በእጅዎ ያጥሉባት። አንድ ዛፍ ካገኙ ዙሪያውን ይዙሩት። ከአንድ በኩል ምንም የማይመስለው ከሌላው በኩል ሌላ ዛፍ ይሆናል።

ስለ ካሜራው ቅንብር ጠይቀዋል። ነጭ የሀበሻ ቀሚስ በፀሐይ ፎቶ ያነሳ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ጥለቱ ይታያል፤ ሸማው ግን ባዶ ነጭ ሆኖ ፈትሉ ይጠፋል። አበባም እንደዚያው ነው። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። ስለዚህ ሁለት ተቃራኒ ነገር ይከሰታል። ነጭ አበባ ፎቶውን ሙሉ ከሞላው ካሜራው ያጨልመዋል፤ ነጩ ግራጫ ይሆናል። ያኔ የኤክስፖዠር ማስተካከያውን (ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻውን) ወደ +0.7 ወይም +1 ያድርጉት። ዛፉ ትንሽ ሆኖ ዙሪያው ጥቁር ከሆነ ደግሞ ካሜራው ጥቁሩን ለማብራት ሲል አበባውን ያቃጥለዋል። ያኔ ወደ –0.7 ወይም –1 ያውርዱት። እንግዲህ «ለነጭ ነገር ሁሌ ፕላስ» የሚለው ምክር ግማሽ ነው። ነጩ ፎቶው ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ማየት ያስፈልጋል።

ካሜራዎ ላይ የተቃጠለውን ቦታ የሚያርገበግብ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ከሜኑው ይክፈቱት። አበባው ላይ ከረገበገበ ብርሃኑን ይቀንሱ። የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ፣ ሂስቶግራሙም የቀኙን ግድግዳ እስኪነካ አይሂድ። ካሜራው ያየውን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት፣ በራው ያንሱ። ራው ትንሽ ያለፈ ብርሃንን ለማስተካከል ከተለመደው የፎቶ ፋይል ከጄፔግ የተሻለ ዕድል ይሰጣል፤ ጨርሶ የተቃጠለውን ግን እሱም አይመልስም።

ለሙሉ ዛፍ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) ኤፍ 8፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 400 አድርገው ይጀምሩ። ሸተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ከ1/250 ሰከንድ እንዳይዘገይ ይከታተሉ። አበባ ከምናስበው በላይ ይንቀሳቀሳል፤ ትንሽ ነፋስ ካለ 1/500 ይሻላል። ለዚህ አይኤስኦውን ወደ 800 ወይም 1600 መጨመር ካስፈለገ ይጨምሩ። ትንሽ ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶ ይታያል፤ የተንቀጠቀጠ አበባ ግን ምንም አይሆንለትም። ለአንድ ቅርንጫፍ ሌንሱን 55 ላይ አድርገው አፐርቸሩን እስከመጨረሻው ይክፈቱት፤ የእርስዎ ሌንስ እዚያ ላይ ኤፍ 5.6 ይሆናል። ወደ ቅርንጫፉ ይጠጉ፤ ከኋላው ያለው ነገር ደግሞ ሩቅ ይሁን። ያኔ ዳራው ይደበዝዛል። ፎከሱን ካሜራው አይምረጥልዎ። አንድ ነጥብ ይምረጡና ወደ እርስዎ በቀረበው አበባ መሀል ያድርጉት።

ዋይት ባላንሱንም (የነጭ ቀለም ማስተካከያውን) ከአውቶ አውጥተው የፀሐይ ምልክቱ ላይ ያቁሙት። አውቶ በየፎቶው ሐሳቡን ይቀይራል። በጥላ ውስጥ ነጭ አበባ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ ሣር ላይ ዝቅ ያለው ደግሞ ወደ አረንጓዴ። ራው ካነሱ ቤት ሲመለሱ ያርሙታል፤ ግን ሁሉም ከአንድ መነሻ ሲጀምር ሥራው ይቀላል።

ፖላራይዘር ፊልተር ካለዎት ይያዙት። ሰማያዊ ሰማይን ያጠቁራል፤ እርጥብ ሣር ላይ ያለውን ነጸብራቅ ያነሳል። ሰማዩን የሚያጠቁረው ፀሐይዋ ከግራ ወይም ከቀኝ ስትሆን ነው፤ ከፊት ወይም ከጀርባ ስትሆን ብዙም አይሠራም። ለዳመና ሰማይ ምንም አያደርግም። ደግሞ ከግማሽ የሚበልጠውን ብርሃን ይበላል፤ ነፋስ ሲኖር ያውጡት።

የትኛው ዛፍ በትክክለኛው ቀኑ ላይ እንዳለ ማወቅ ሌላው ሙያ ነው። የፒር አበባ ትኩስ ሲሆን መሀሉ ላይ ያሉት ትንንሽ ራሶች ጥቁር ቀይ ናቸው። ሲያልፍበት ይደርቁና ይጠቁራሉ። ከሩቅ ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ከቅርብ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። የፖም እምቡጥ ቀይ ሮዝ ነው፤ ሲከፈት ወደ ነጭ ይሄዳል። ከየዘለላው የመሀሉ አበባ ይቀድማል። እኔ የፖም ዛፍ በጣም የሚያምረኝ ሁሉም ሳይከፈት ነው፤ መሀሉ ነጭ፣ ዙሪያው ቀይ እምቡጥ ሲሆን። ሙሉ አበባ ላይ ቀለሙ ይቀንሳል። ስለዚህ በጉዞዎ መጨረሻ ፔይ ዶዥ ውስጥ «ገና ነው» ቢሏችሁ ተስፋ አይቁረጡ። ዛፎቹ ጀምረው ከሆነ ደህና ቀን ላይ ናችሁ።

ውርጭ ጥሎ ያደረ ጠዋት ካጋጠማችሁም ልብ ይበሉ፤ ከሁሉም በላይ የዱራንስን መንገድ ከመረጡ። የተከፈተ አበባ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ አካባቢ መጎዳት ይጀምራል። አንዳንድ ገበሬ ሌሊቱን ሙሉ በዛፎቹ ላይ ውሃ ይረጫል። ውሃው በረዶ ሲሆን ሙቀት ይለቃል፤ ያ ሙቀት አበባውን ዜሮ አካባቢ ያቆየዋል። ጠዋት አበባው በመስታወት የመሰለ በረዶ ተሸፍኖ ይገኛል። ፀሐይ ከኋላው ስትወጣ ግሩም ነው። ሌሎች ደግሞ በዛፎቹ መሀል ትላልቅ የሰም ሻማዎች ያበራሉ። በኤፕሪል 7 ለ8 አጥቢያ 2021 የወረደው ውርጭ በመላ ፈረንሳይ የወይንና የፍራፍሬ ማሳ አቃጥሎ ነበር። ለእኛ ውብ የሆነው ሌሊት ለገበሬው የዓመት ገቢው የሚወሰንበት ነው። ከመንገድ ዳር ሆነው ያንሱ። በዚያ ሰዓት ሰውየውን አያስቁሙት፤ ማሳው ውስጥም አይግቡ።

በሌላው ጊዜም ቢሆን አጥር ባይኖረውም ማሳው የሰው ነው። ነጭ አበባ ያየ ሰው በቀጥታ የመግባት ፈተና አለበት፤ ይቆጠቡ። በቢጫ መስመር የተመለከቱት የእግር መንገዶች ብዙ ጊዜ በማሳዎቹ ጥግ ያልፋሉ፤ ከእነሱ ላይ ሆኖ ብዙ ይገኛል። መግባት ካስፈለገ ወደ ቤቱ ሄደው ይጠይቁ። ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ከሁሉ በፊት «ቦንዡር» ይባላል። ጥያቄ ከዚያ በኋላ ነው። ሳይሉ ከጀመሩ ፊታቸው ይለወጣል። በካምብረሜር ዙሪያ «ክሩ ደ ካምብረሜር» የሚል ምልክት ያላቸው የሲድር አምራቾች እንግዳ ይቀበላሉ። አንድ ጠርሙስ ገዝቶ «ዛፎቹን ፎቶ ላንሳ?» ማለት ቀላል ነው። ሰው ፎቶው ውስጥ ከገባም ያስፈቅዱ። ፈረንሳዮች በዚህ ነገር ጥብቅ ናቸው፤ ሕጉም ከእነሱ ጋር ነው። ትራክተር መድኃኒት እየረጨ ካዩ ይራቁ። የንብ ቀፎ ካዩ ከፊት በኩል፣ ንቦቹ በሚመላለሱበት መስመር አይቁሙ። የላሞቹ አጥር ቀጭን ሽቦ ከሆነ ኤሌክትሪክ አለው ብለው ያስቡ።

ለመንዳት የዲ (D) ፊደልና ቁጥር ያላቸውን ትንንሽ መንገዶች ይያዙ። በሚሽላን የወረቀት ካርታ ላይ በጎናቸው አረንጓዴ መስመር የተደረገባቸው መንገዶች ውብ እይታ ያላቸው ናቸው። በእነዚህ መንገዶች ላይ ፍጥነቱ በአብዛኛው 80 ነው። ባለቤትዎ ይንዱ፤ እርስዎ ይመልከቱ። ዛፍ አይቶ ድንገት ፍሬን መያዝ አደገኛ ነው። የመንገዱ ዳር ሣር ከዝናብ በኋላ ስለሚለሰልስ ጎማ ይውጣል። መኪናውን መንደሩ ቤተ ክርስቲያን አደባባይ አቁመው በእግር ይመለሱ። ከቤት ሳይወጡ ደግሞ የሳተላይት ካርታ ይክፈቱ። ከአሮጌ እርሻ ቤት አጠገብ፣ ሣር መሀል፣ ተራርቀው የተሰለፉ ክብ ክብ ዛፎች ካዩ አሮጌ የፍራፍሬ ማሳ ነው። ቦታውን ምልክት ያድርጉበት፤ ፀሐይ ከየት እንደምትመጣም እዚያው ያስሉ። ከመነሳትዎ አንድ ቀን በፊት ለከተማው የቱሪስት ቢሮ ደውለው «ፒሩ አብቧል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የማንም ቀን መቁጠሪያ ከእነሱ መስኮት አይበልጥም።

ስልክዎን አይናቁት። አበባው ላይ ጣትዎን ተጭነው ይቆዩ፤ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል። ከዚያ የፀሐይዋን ምልክት ትንሽ ወደ ታች ይሳቡ፤ ነጩ ዝርዝሩ ይመለሳል። በጣት እያሰፉ ከማጉላት የስልኩን የራሱን 2 ወይም 3 እጥፍ ሌንስ ይጠቀሙ። ዳራ የሚያደበዝዘውን ፖርትሬት ሞድ ግን ለቅርንጫፍ አይጠቀሙ። ቀጫጭኑን እንጨት ከኋላው ካለው መለየት ስለሚያቅተው ግማሹን አበባ ይቆርጠዋል።

ቤት ሲመለሱ እርማቱን ቀለል ያድርጉት። የብሩሁን ክፍል መቆጣጠሪያ ይቀንሱ፤ ነጩ ዝርዝር ያወጣል። ጥቁሩን ትንሽ ያጥብቁት። ቀለም ማጋነኛውን ይተዉት። የኖርማንዲ አረንጓዴ ራሱ ብርቱ ነው፤ ከጨመሩበት ነጩ አበባ የሣሩን ቀለም ይጠጣል።

ማክሮ ሌንስ አይግዙ። ማክሮ የአንድ አበባ መሀል ያሳይዎታል፤ ያ ደግሞ ብራስልስ ፓርክ ውስጥም ይገኛል። ለዚህ ጉዞ የሚጎድልዎት ከሩቅ የሚስብ ሌንስ ነው። 55–250 ወይም 70–300 ያገለገለ በርካሽ ይገኛል፤ መከራየትም ይቻላል። ሰማዩን ከፎቶው የሚያስወጣልዎት እሱ ነው። ከዳገቱ ላይ ሆነው ጎተራውንና ዛፉን አቀራርቦ የሚያመጣልዎትም እሱ ነው። የያዙት 18–55 ከሥር ሆነው ወደ ላይ ለሚያነሱት ትልቅ ፒር ይበቃል፤ እዚያ ላይ ግን ሰማዩ ሰማያዊ እስኪሆን ይጠብቁ።